«ለሴት አይሰጥም» ስለተባለው እንክብል ለአቶ ይልቃል

ለተከበሩ አቶ ይልቃል
የሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ኃላፊና የመድኃኒት ኮሚቴው ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ፣ ባልደረቦችዎስ ደኅና ናቸው? ኩላሊቶችዎ ሁለቱም በሰላም ውለው ያድራሉ? ፊኛዎስ እርስዎ በፈቀዱለት ሰዓት ብቻ እየጠራዎ፣ በቀረው ጊዜ ስብሰባዎን ሳያቋርጥ ይታገሥዎታል? ሰላምታዬ እንዲህ ዘርዘር ማለቱን ይቅር ይበሉኝ። ድሮ ጤና ይስጥልኝ ስል ለወጉ ያህል ነበር፤ ዛሬ ግን በሰው ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር ዝም ብሎ ሥራውን መሥራቱ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ስለገባኝ፣ ለሰው ጤና ስመኝ አንድ በአንድ እየጠራሁ መመኘት ጀምሬያለሁ።

የሻረግ ሀብቱ እባላለሁ። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ አሶሳ ዙሪያ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ በከተማው በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። እርስዎ በስሜ ላያውቁኝ ይችላሉ። በመስኮትዎ ዘንድ የምታወቀው «ያቺ የወንድ መድኃኒት የምትጠይቀው» በሚል ማዕረግ ስለሆነ፣ በዚሁ ቢያስታውሱኝ አይከፋኝም። የሆስፒታሉን ስም ከዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው ሳይሆን ለስሙ ስለሳሳሁለት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመጀመሪያው ላስረዳ። በቅርቡ የኩላሊት ጠጠር አሞኝ አዲስ አበባ ሄጄ ታከምኩ። ሐኪሙ ጠጠሩን ካወጣልኝ በኋላ ከኩላሊቴ እስከ ፊኛዬ የምትደርስ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስገባልኝ። ስቴንት ይሏታል። የሽንት መንገዱ አብጦ እንዳይዘጋ ክፍት አድርጋ ትይዘዋለች፤ የተወሰኑ ሳምንታት ትቆይና ትወጣለች። ሥራዋ የሚመሰገን ነው፤ ጠባይዋ ግን ከሰው አያኗኑርም። የታችኛው ጫፏ ፊኛን ስለሚነካካው ፊኛ ባዶውን ተቀምጦ ሞላሁ ይላል፤ ሽንት በሸኑ ቁጥር ደግሞ ሕመሙ ወደ ላይ ሽቅብ ሄዶ ጎንን ይወጋል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ነግሮኝ ታምሱሎሲን የሚባል እንክብል አዘዘልኝ። እንክብሉ የሽንት ቧንቧንና የፊኛን አፍ የሚያፍታታ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ በሽማግሌዎች ፕሮስቴት ቢታወቅም ቱቦ የገባለትን ሰው ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ያስታግሳል አለኝ። ብድግ ስትዪ ሊያዞርሽ ስለሚችል ቀስ ብለሽ ተነሺ ብሎም መክሮ ሸኘኝ። ያንን ማዘዣ ይዤ እርስዎ ዘንድ መጣሁ፤ ምስጋናዬም ከዚያው ቀን ይጀምራል።

አንደኛ፦ ስለ መስኮትዎ አመሰግናለሁ። መስኮቱ በወፍራም መስታወት የታጠረ ሆኖ፣ መነጋገሪያ ቀዳዳው ከወገብ ዝቅ ብሎ የተሠራ በመሆኑ፣ ታካሚ ሁሉ መድኃኒቱን ከማግኘቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። እኔም ጎኔን ደግፌ እጅ ነሣሁ። ወጣቱ ባለሙያ ኤልያብ ማዘዣውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየና፣ በመስታወቱ ውስጥ እንዲሰማኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የፕሮስቴት ነው፤ ለሴት አይሰጥም» አለኝ። እኔም እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ቱቦዬ አገባብ፣ ስለ ጫፏ አቀማመጥና ስለ ፊኛዬ አመል አስረዳሁት። እሱ ባይረዳኝም ወረፋው በሚገባ ተረድቶኛል። በማግሥቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ገና ከሩቅ ስታየኝ ቱቦሽ እንዴት አደረች ብላ ጠይቃኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። እኔ ከከተማው ሕዝብ አንዳች ያልደበቅሁ ስሆን፣ መድኃኒቱን ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

ልጁን አልወቅሰውም። ኮምፒውተሩ «ሴት» የሚል ካርድና ያንን እንክብል አንድ ላይ አላስተናግድም እንደሚለው አዙሮ አሳይቶኛል። እንክብሉም ከጀርባው መደርደሪያ ላይ በፓኬት በፓኬት ተደርድሮ ይታየኝ ነበር። የከተማውን የግል ፋርማሲዎች ሁሉ ዞሬያለሁ፤ የለንም፣ ከመጣ እንደውልልሻለን ብለው ስልኬን ተቀብለውኛል። እስካሁን ከደወሉልኝ መካከል የመድኃኒት ጉዳይ ያነሳ የለም፤ አንደኛው ግን ልጁ የዜግነት ትምህርት ስለወደቀበት ደውሎልኛል።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የአዲስ አበባው ሐኪም ችግሬን ሰምቶ ራሱ ደውሎ ቢያስረዳዎ፣ መድኃኒት በስልክ አይታዘዝም ብለው መልሰውለታል። በጽሑፍ ቢልክ፣ ጉዳዩ ያልተለመደ ስለሆነ ኮሚቴ ይየው ብለዋል። ኮሚቴው ደግሞ አንዱ አባል ካማሺ ለሥልጠና ሄደው መንገዱ ስለተበላሸባቸው ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላለት ቀርቶ ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል። እኔ የአባሉን በሰላም መመለስ ከቤተሰባቸው ባልተናነሰ ስናፍቅ ከረምኩ። እስከዚያው ድረስ ከክፍልዎ የተሰጡኝን ምክሮች ላለመዘንጋት እዚህ አሰፍራቸዋለሁ። አንዷ ባለሙያ ተልባ በጥብጬ እንድጠጣ፣ ሌላዋ የገብስ ውሃ እንዳዘወትር፣ የበሩ ጥበቃ ደግሞ ነገሩ ብርድ ስለሆነ ወገቤን በነጠላ እንዳስር መክረውኛል። እርስዎ ራስዎ በኮሪደር ላይ ሳገኝዎ «ቻይው እንጂ፣ ትለምጅዋለሽ» ብለውኛል።

ክቡር ሆይ፣ እንዳልለመድኩት በታላቅ አክብሮት አሳውቅዎታለሁ። ስለ ዜጎች እኩልነት እያስተማርኩ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጀምሬ ሳልጨርስ ጠመኔውን ጥዬ ወጥቻለሁ። የመምህራን መጸዳጃ ከሜዳው ማዶ መሆኑን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ ድሮ ቅርብ ይመስለኝ ነበር። ደርሼም የማገኘው ጥቂት ጠብታና ጎኔን እንደ ወስፌ የሚወጋ ሕመም ብቻ ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይሣሣቁ ነበር፤ ኋላ መሣቁን ሲተዉት የበለጠ አፈርኩ። አንድ ቀን ሜዳው መሐል ላይ ቀደመኝ። ከዚህ በላይ አልዘረዝረውም፤ የዚያን ቀን ወደ ክፍል አልተመለስኩም፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚህ ላይ ጠያቂዎቼ አሉ። ይህ የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም። የሠፈራችን ሰው ደግ ስለሆነ የታመመን ባዶ እጁን አይጠይቅም። አንዱ የማንጎ ጭማቂ፣ አንዱ አምቦ ውሃ፣ አንዱ ማልት ይዞ ይመጣና ከፊቴ ቁጭ ብሎ ስጠጣ ካላየ አይነሣም። ጠጥቼ ደግሞ ቁጭ ማለት ስለማልችል በየመሐሉ ተነሥቼ እወጣለሁ፤ እነሱም እንግዳ ሰለቻት ብለው ይታዘቡኛል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛ፦ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ፤ እስካሁን የዞርኩት ለመናገሩ ስለከበደኝ ነው።

አጥር የሚለየን ጎረቤቴ አባባ ሐመድ ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ባለቤታቸውም በአማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለዩ እኔን «አንተ» ይሉኛል። ፕሮስቴት ስላለባቸው ያንኑ እንክብል ከዚያው መስኮት በየወሩ ይወስዳሉ። ኮሚቴው ከተቀጠረ በኋላ ዳግም ሄጄ «ለሴት አይሰጥም» በተባልኩበት ቀን ከኋላዬ ቆመው ነበርና ሁሉንም ሰምተዋል። ማታውን በአጥሩ ቀዳዳ ጠርተው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አቀበሉኝ። «የኔ ልጅ፣ አንተ አይቸገር፤ ለእኔ ሁለት ፓኬት ሰጡኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ይሄ ትርፍ ነው» አሉኝ። የሌላ ሰው መድኃኒት መውሰድ ተገቢ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በግድግዳዎ ላይ ከለጠፉት ማስታወቂያም አንብቤዋለሁ። ሆኖም የታዘዘልኝ ያው እንክብል ነው፣ መጠኑም ያው ነው፣ እሳቸውም ትርፍ ነው ብለዋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ተቀብዬ ሐኪሜ እንዳዘዘኝ ዋጥኩ።

ለኮሚቴዎ ሳይንሳዊ ግብዓት እንዲሆን ውጤቱን ሪፖርት አደርጋለሁ። መድኃኒቱ በሴት አካል ውስጥ ገብቶ ሳያፍርና ሳይቆጣ ሥራውን ሠርቷል። ብዙ ቀናት ሳይቆይ የጎኔ ውጋት ለዘበ፣ ፊኛዬም ሰው ሆነ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተማርኩ፤ ሌሊቱን ሳልነሣ አደርኩ። አባባ ሐመድን በአጥሩ በኩል ባገኘኋቸው ቁጥር ስመርቃቸው፣ እሳቸው ፈገግ ብለው ወደ ማንጎ ዛፋቸው ሥር ይሄዱ ነበር። ወዲያ ወዲህ ማለታቸው መብዛቱን አስተውያለሁ፤ ግን ሽማግሌ ሰው ቁጭ ማለት ሰልችቷቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

የሰጡኝን እስከ መጨረሻዋ ውጬ በጨረስኩበት ሰሞን፣ ባለቤታቸው እማማ ማሪያም ነጠላቸው መሬት እየጎተተ እቤቴ ደረሱ። «ና፣ ቶሎ ና፤ ሽማግሌው ሽንቱ እምቢ አለ» አሉኝ። ስገባ አባባ ሐመድ ከእምብርታቸው በታች ተነፍተው፣ ላባቸው እየወረደ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበርክከዋል። እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብለው የሚሄዱት ሽማግሌ በባጃጅ ተደግፈው እናንተ ዘንድ ደረሱ። ሐኪሞቹ በላስቲክ ቱቦ ሽንቱን ቀድተው ነፍሳቸውን መለሱላቸው፤ ለዚህስ ከልቤ ነው የማመሰግነው። በዚያ ኮሪደር ላይ ቆመን እማማ ማሪያም ጉዱን ነገሩኝ። «ሁለት የለም፤ አንድ ነው። እሱ ለአንተ ግማሽ ሰጠ፣ ግማሽ ለራሱ አደረገ። አትንገር አለኝ» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በክልላችን በጉባ በኩል ውሃ ሲገደብ መብራት ይገኛል። በአባባ ሐመድ ላይ የተገደበው ውሃ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያበራው፤ እሱም ለሴት አይሰጥም የተባለው እንክብል ዞሮ ዞሮ ለወንዱም እንዳልተሰጠ ነው። መመሪያዎ መድኃኒቱ ያለ ቦታው እንዳይውል ጠብቆ ጠብቆ፣ ሽማግሌውን ያለ መድኃኒት፣ እኔን በሰው መድኃኒት አስቀርቷል።

አራተኛ፦ ስለ ሒሳብ ችሎታዎ። የተኙበት ክፍል ሐኪም የላስቲኩ ቱቦ እንዲወጣ አባባ ሐመድ ያንኑ እንክብል ለጥቂት ቀናት መውሰድ አለባቸው ብሎ ጽፎላቸዋል። እማማ ማሪያም ማዘዣውን ይዘው መስኮቱ ዘንድ ሲያጎነብሱ፣ ኮምፒውተሩ የወሩን ወስደዋል ብሎ መለሳቸው። ወሩ እስኪያልቅ አይሰጥም ተባሉ። ወሩ ደግሞ ገና ነው። አባባ ሐመድ አሁን በወንዶች ክፍል በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ ከጎናቸው የሽንት ከረጢት አንጠልጥለው፣ መድኃኒታቸው ከግድግዳ ማዶ ተቀምጦ ሳለ ወሩ እንዲያልቅ እየጠበቁ ናቸው። ቱቦው በቆየ ቁጥር ቁስለትና ትኩሳት ሊያመጣ እንደሚችል ነርሷ ነግራናለች። ለእኔ ምልዓተ ጉባኤ ያጣው ኮሚቴ ግን ለዚህኛው ጉዳይ በማግሥቱ ተሟልቶ ተቀምጦ፣ ለተፈጠረው ችግር ምክንያቱ መድኃኒት የሚዋዋሱ ታካሚዎች መሆናቸውን አረጋግጦ፣ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ አስለጥፏል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ማስጠንቀቂያውን አንብቤ ስሜን ባላገኝበትም ራሴን አግኝቼበታለሁ።

ትናንት ልጠይቃቸው ገብቼ ነበር። ከአልጋው ግርጌ እንደቆምኩ፣ እሳቸው ቀድመው «አንተ ተሻለህ?» አሉኝ። አልተሻለኝም፤ ውጋቱ ተመልሷል፣ ከበሩ እስከ አልጋቸው ስደርስም ጥርሴን ነክሼ ነው። ተሽሎኛል አልኳቸው። ደስ ብሏቸው አልሐምዱሊላህ አሉና ትራሳቸውን አስተካከሉ። ከክፍሉ ስወጣ በእርስዎ ላይ የተሰማኝን ንዴት በትሕትና መጻፍ ስለማይቻል ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ይህ ከተቀደዱት የተረፈው ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። የእኔ ጉዳይ ይቆይ፤ እስካሁን ቆይቷል። ለአባባ ሐመድ ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን ዛሬውኑ ይስጧቸው። ከዚያ በኋላ ኮሚቴዎ ጊዜ ሲያገኝ፣ ይህ እንክብል ከኩላሊቷ እስከ ፊኛዋ ቱቦ የገባላትን ሴት እንደማይገድላትና ጢምም እንደማያበቅልባት ከአንድ ሐኪም ጠይቆ ይረዳ። በዚህ ከተማ ቱቦ ይዛ የምትኖር ሴት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሁሉም ደግሞ እንደ እኔ ደግ ጎረቤት ላይኖራቸው ይችላል። ጎረቤት ያላትም ብትሆን በጎረቤቷ ላይ የሚደርሰውን አይተናል።

ይህን ሁሉ ትዕግሥት ላስተማረኝ መስኮት፣ ምልዓተ ጉባኤው በሚሟላበት ጊዜ ለሚሟላው ኮሚቴ፣ ወንድና ሴትን አበጥሮ ለሚለየው ኮምፒውተር፣ ከሁሉም በላይ ቻይው ብለው ላጽናኑኝ ለእርስዎ፣ ፊኛዎ በረጅሙ የሥልጣን ዘመንዎ አንድም ቀን ሳይቀድምዎ እንዲያኖርዎ በመመኘት፣ ከወንበር ሁለቴ ተነሥቼ ተመልሼ ይህን የጨረስኩ፣

የእርስዎው ተገልጋይ
የሻረግ ሀብቱ
አሶሳ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ልወጣ ስል ከካርድ ክፍል ተደወለልኝ። ኮሚቴው ጉዳዬን በልዩ ሁኔታ ተመልክቶ እንደፈቀደልኝ፣ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም እምቢ ስላለ ካርዴ ላይ ፆታዬን ወደ «ወንድ» አስተካክለው እንደጨረሱልኝና ሰኞ ጠዋት መጥቼ የአንድ ወር እንክብል መውሰድ እንደምችል በደስታ ነግረውኛል። ውለታዎን አልረሳም። ሰኞ ወንድ ሆኜ እመጣለሁ፤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ ፓኬቱን እቀበልና ወደ ወንዶች ክፍል ገብቼ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ለተኙት ለአባባ ሐመድ እንዲሰጣቸው ለሐኪማቸው አስረክባለሁ። ከዚያ ሴት ሆኜ ተመልሼ፣ ከወረፋው መጨረሻ እቆማለሁ።